አንድ ቫይረስ፣ ሁለት የሞት ሒሳብ

የማርበርግ ቫይረስ ከያዛቸው መቶ ሰዎች ስንቱን ይገድላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ሁለት ነው። በ1967 በጀርመንና በዩጎዝላቪያ 31 ሰዎች ታመው 7 ሞቱ። በ2024 በሩዋንዳ 66 ሰዎች ታመው 15 ሞቱ። ሁለቱንም ስናሰላቸው ከመቶ 23 ገደማ ይሆናሉ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ያለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከ1998 እስከ 2000 በኮንጎዋ ዱርባ 154 ሰዎች ታመው 128 ሞቱ። በ2004 እና በ2005 በአንጎላዋ ዊጅ ደግሞ 252 ታመው 227 ሞቱ፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኑ የአውሮፓውያን ነው።)

ከመቶ 23 እና ከመቶ 90 በጣም ይራራቃሉ። የልዩነቱ ከፊል ከቫይረሱ ዝርያ ሊመጣ ይችላል፤ ከአንጎላ የተገኘው ዝርያ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ከሌሎቹ ይበልጥ ጨካኝ ሆኖ ታይቷል። የሚበልጠው ድርሻ ግን፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ያለው በሽተኛው በተኛበት አልጋ ዙሪያ ነው፤ ማን ቶሎ አወቀለት፣ ማን ፈሳሽ ሰጠው፣ ያከመው ሰው ጓንት ነበረው ወይስ አልነበረውም። ሰውን በከባድ ትኩሳት ጥለው ደም የሚያስፈስሱ ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ማርበርግን የመረጥሁት ይህን ነገር እንደ እሱ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ስለሌለ ነው። ደግሞም በ2018 ዓ.ም. እኛም ቤት ገብቷል።

ማርበርግ በመካከለኛው ጀርመን በላን ወንዝ ዳር ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ዲፍቴሪያ በሴረም እንደሚታከም አሳይቶ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት የወሰደው ኤሚል ፎን ቤሪንግ የኖረውና የሠራው እዚያ ነበር። በ1904 ያቋቋመው ቤሪንግቬርከ የተባለ ፋብሪካም በ1960ዎቹ የፖሊዮ ክትባት ያመርት ነበር። የፖሊዮ ቫይረስ የሚባዛው በሕያው ሴል ውስጥ ብቻ ስለሆነ ፋብሪካው የሚያስፈልገውን ሴል የሚያገኘው ከጦጣ ኩላሊት ነው። ጦጣዎቹ በአውሮፕላን ከኡጋንዳ ይመጣሉ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከጎብኚ እጅ ሙዝ የምትነጥቀው ጦጣ የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

በ1967 ከመጡት ጦጣዎች መካከል የተወሰኑት በዚያ ዓመት በተነሣው የአረብና የእስራኤል የስድስት ቀን ጦርነት ምክንያት የበረራ መስመራቸው ተለውጦ በለንደን በኩል አለፉ። ከዚያም ወደ ማርበርግ፣ ወደ ፍራንክፈርትና ወደ ቤልግሬድ ተከፋፈሉ። በነሐሴ ወር የፋብሪካው ሠራተኞች አንድ በአንድ መታመም ጀመሩ። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ፣ ከዚያ ሽፍታ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት የተቅማጥ ባክቴሪያ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ፦ ታማሚዎቹ ጦጣ ያረዱ፣ ኩላሊት ያወጡ ወይም ለዚህ ሥራ ያገለገለውን ዕቃ ያጠቡ ሰዎች ናቸው።

ቤልግሬድ ላይ የታመሙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የሞተ ጦጣ የመረመረ የእንስሳት ሐኪምና እሱን ያስታመመች ሚስቱ። ሁለቱም ዳኑ። ከ31ዱ ውስጥ በቀጥታ ከጦጣ የያዛቸው 25 ሲሆኑ፣ የሞቱት 7 ሰዎች ሁሉም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከሌላ ሰው የተያዙት 6 ታማሚዎች በሙሉ ተርፈዋል። ከእነሱ አንዷ የተያዘችው ከበሽታው አገግሞ ቤቱ ከገባ ባሏ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነበር። ቫይረሱ ከደም ጠፍቶም በዘር ፍሬ ውስጥ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል ዓለም የሰማው ያን ጊዜ ነው። የሚገርመው፣ ትምህርቱ ተዘንግቶ በምዕራብ አፍሪካው የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ እንደ አዲስ ተነሣ።

የማርበርግ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች የታማሚዎችን ደም ለቤተ ሙከራ እንስሳት ወግተው በሽታውን አስተላለፉ፤ ናሙናውም ወደ ሐምቡርግ የሐሩር በሽታዎች ተቋም ሄዶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ። ይህ ሁሉ የወሰደው ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ለዚያ ዘመን እጅግ ፈጣን ሥራ ነበር። ለበሽታው የሚሆን መድኃኒት ግን አንድም አልነበራቸውም። የነበራቸው በቂ ነርስ፣ ንጹሕ አልጋ፣ ደምና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ከመቶ 23 የሚለው ቁጥር የወጣው በዚህ ብቻ መሆኑን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

ቫይረሱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከልብስ ተመዝዞ የወደቀ የክር ቁራጭ ይመስላል፤ አንዳንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ጫፉ የታጠፈ፣ አንዳንዱ የተጠቀለለ። ውፍረቱ 80 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 12 ሺሕ ያህሉን ጎን ለጎን ብንደረድር አንድ ሚሊሜትር አይሞሉም። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በ1976 በዛየርና በሱዳን የተገኘው ኢቦላም ከማርበርግ ጋር በአንድ የቫይረስ ቤተሰብ ውስጥ ገባ። የማርበርግ የዘር መመሪያ በ19 ሺሕ ገደማ ፊደላት የተጻፈ አር ኤን ኤ ሲሆን ያሉት ጂኖች 7 ናቸው። የሰው ልጅ 20 ሺሕ ያህል ጂን ይዞ በ7 ጂን መሸነፉ ያስቆጫል።

እነዚህ 7 ጂኖች ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። ከቫይረሱ ሽፋን ላይ ያለው ፕሮቲን ወደ ሴል ውስጥ የሚገባው ሴሉ ኮሌስትሮል ለማጓጓዝ የሚጠቀምበትን ሌላ ፕሮቲን መያዣ አድርጎ ነው። ይህ የኮሌስትሮል ፕሮቲን በሁሉም የሰውነት ክፍል ስላለ ቫይረሱ የማይደርስበት አካል ጥቂት ነው። ቪፒ 35 የተባለው ሌላ ፕሮቲን የቫይረሱን አር ኤን ኤ ከሴሉ ጠባቂዎች ይሸፍናል። ቪፒ 40 ለቫይረሱ ያን የክር ቅርጹን ከመስጠቱ በላይ፣ ሴሉ “ተጠቅቻለሁ” ብሎ የሚልከውን ምልክት ያፍናል። ሰውነት ጠላት መግባቱን የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

መጀመሪያ የሚያዙት ደግሞ ጠባቂዎቹ ራሳቸው፣ ባዕድ ነገር የሚውጡት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ቫይረሱን ተሸክመው ወደ ንፍፊት፣ ወደ ጉበትና ወደ ጣፊያ ያደርሱታል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት በአብዛኛው የሰውነት የራሱ ምላሽ ነው። የተያዙት ሴሎች ደም እንዲረጋ የሚያዝ ፕሮቲን ይረጫሉ፤ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ብዙ ጥቃቅን የረጋ ደም ይፈጠራል፤ ለመርጋት የሚያስፈልገው ፕሌትሌትና ፕሮቲን በዚያው ያልቃል። የሚተካውን ማምረት የነበረበት ጉበት ደግሞ ራሱ ታሟል። ውጤቱ እርስ በርሱ የሚቃረን ነው፤ ደሙ መርጋት በማይገባው ቦታ ረግቶ፣ መርጋት በሚገባው ቦታ አይረጋም። የመርፌ ቀዳዳ ይደማል፣ ድድ ይደማል፣ ሰገራና ትውከት ደም ይቀላቅላል።

ሆኖም በሽተኛን ለሞት የሚያበቃው ብዙ ጊዜ ይህ የሚታየው ደም አይደለም። ትኩሳቱ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ገደማ ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ይነሣል። ሰውየው በቀን በሊትር የሚቆጠር ፈሳሽ ያጣል፤ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ፊቱ ስሜት አልባ ይሆናል። የደም ሥሮቹም ስለሚያሾልኩ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ኩላሊቱ ይቆማል። ሞት ከመጣ የሚመጣው ሕመሙ በጀመረ በ8ኛው ወይም በ9ኛው ቀን ገደማ ነው። በ1994 የወጣው የሪቻርድ ፕሬስተን “ዘ ሆት ዞን” የተባለ መጽሐፍ ሰው በደም ቀልጦ የሚፈስ አስመስሎ ጽፎ ዓለምን አስደነገጠ፤ ያ ሥዕል እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ጉዳት ያደረሰ ሥዕል ነው ባይ ነኝ። ደም ካላየ የማይጠረጥር ጤና ባለሙያ ይህን በሽታ ቀድሞ ሊደርስበት አይችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም ነውና። እኛ አገር እንዲህ የሆነ ሰው ወባ ወይም ታይፎይድ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው።

ቫይረሱ ሲኖር የት ነው የሚኖረው? ጦጣዎቹ ራሳቸው ታመው የሚሞቱ በመሆናቸው መኖሪያው እነሱ እንዳልሆኑ ቀድሞም ታውቆ ነበር። አስጠግቶት ሳይታመም የሚኖር ሌላ እንስሳ መኖር አለበት። ፍለጋው 40 ዓመት ያህል ፈጀ። ፍንጮቹ ግን በየጊዜው ወደ አንድ ዓይነት ቦታ ይጠቁሙ ነበር። በ1980 ኬንያ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ፣ በ1987 ደግሞ አንድ የ15 ዓመት ዴንማርካዊ ልጅ በማርበርግ ሞቱ፤ ሁለቱም በኤልጎን ተራራ ያለውን ኪቱም ዋሻ ጎብኝተው ነበር። (ኪቱም ዝሆኖች በሌሊት ገብተው ግድግዳውን በጥርሳቸው እየፈለፈሉ ጨው የሚልሱበት ዋሻ ነው፤ ቫይረስ ባይኖርበት እንኳ ሊታይ የሚገባው ቦታ ነበር።) በዱርባ የታመሙት ብዙዎቹ ጎሩምብዋ በተባለ የወርቅ ጉድጓድ የሚሠሩ ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ። ከእነሱ የተወሰደው ቫይረስ ሲጠና ቢያንስ ዘጠኝ የተለያየ የዘር ሐረግ ተገኘበት። አንድ ሰው ለሌላው እያስተላለፈ የቀጠለ አንድ ወረርሽኝ አልነበረም ማለት ነው፤ ቫይረሱ ከጉድጓዱ ደጋግሞ ወጥቷል። ጉድጓዱን ውኃ ሲሞላው በሽታውም ቆመ።

በ2007 በምዕራብ ኡጋንዳ በኪታካ ማዕድን ጥቂት ቆፋሪዎች ሲታመሙ ተመራማሪዎች ወዲያው ደርሰው ከጉድጓዱ የሌሊት ወፎችን ያዙ። ከ100 ሺሕ በላይ የሚሆኑ ወፎች ነበሩበት። በ2009 ከእነዚሁ ጤነኛ ከሚመስሉ ወፎች ሕያው የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ታተመ። ባለቤቷ የግብጽ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ናት፤ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ግብጽ፣ ከዚያም አልፎ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ትገኛለች፤ ኢትዮጵያም አለች።

ይህች እንስሳ ጥቂት ልንቆይባት ይገባል። ፍሬ የሚበሉ የሌሊት ወፎች አብዛኞቹ የሚያድሩት ዛፍ ላይ ነው፤ መንገዳቸውን በዓይናቸው ስለሚያዩ ድፍን ጨለማ አይመቻቸውም። የግብጿ ግን ምላሷን እያንጣጣች የድምፁን ነጸብራቅ ታዳምጣለች፤ ስለዚህ ወደ ጥልቅ ዋሻ ትገባለች። በዋሻ ውስጥ አሥር ሺዎች ሆነው ተጣብቀው ያድራሉ፤ ይናከሳሉ፣ ይሸናሉ፣ ምራቃቸው ይነካካል። ለቫይረስ ከዚህ የተመቸ ሰፈር የለም። በዓመት ሁለት ጊዜ ይወልዳሉ፤ ግልገሎቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው እናታቸው የሰጠቻቸው መከላከያ አልቆ በብዛት ይያዛሉ። በሰው ላይ የደረሱት አብዛኞቹ የማርበርግ ጥቃቶችም ከእነዚህ ሁለት ወቅቶች ጋር ይገጥማሉ። ወፏ ራሷ ለምን አትታመምም ለሚለው፣ ሰውነቷ ቫይረሱን የሚቆጣጠረው ያን ራስን የሚያቃጥል ቁጣ ሳያስነሣ መሆኑ በሙከራ ታይቷል። እኛን የሚገድለን የራሳችን ቁጣ ከሆነ፣ እሷን የሚያድናት ትዕግሥቷ ነው።

“እንግዲያው ወፎቹን መጨረስ ነዋ!” የሚል አንባቢ አይጠፋም። የኪታካ ሰዎች ያንኑ አደረጉ፤ መግቢያውን ዘግተው፣ በመረብ ይዘው ሺዎችን ጨረሱ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጥቂት ወፎች ተመለሱ፤ ሲመረመሩ ግን የተያዙት ብዛት ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 13 አድጎ ተገኘ። በ2012 ከዚያው አካባቢ በማይርቅ ቦታ ማርበርግ እንደገና ተነሥቶ 15 ሰዎችን ያዘ። ያልታመሙና ያልተለማመዱ አዳዲስ ወፎች ባዶውን ዋሻ ሲሞሉ ቫይረሱ አዲስ ማገዶ አገኘ ብለው ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ። ደግሞም ወፏ ሌላ ሥራ አላት፤ የዱር ዛፎችን ዘር ትበትናለች፣ አበባቸውን ታዳቅላለች።

ከዋሻው የሚወጣው አንድ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የቫይረሱ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ማርበርግ በአየር አይተላለፍም፤ ምልክት ያላሳየ ሰውም አያስተላልፍም። የሚተላለፈው በታመመ ወይም በሞተ ሰው ደም፣ ትውከት፣ ሰገራ፣ ላብ ነው። ስለዚህ የሚያገኘው ሦስት ዓይነት ሰው ነው፤ የሚያስታምም ዘመድ፣ የሚያክም ባለሙያና ሬሳ የሚያጥብ። ሁሉም የሚያዙት ደግ ሥራ ሲሠሩ ነው። ከዚህ ቫይረስ ክፋት ሁሉ እኔን የሚከብደኝ ይኸኛው ነው።

ዊጅ የዚህ ማስረጃ ናት። አንጎላ ለ27 ዓመት በእርስ በርስ ጦርነት ደቅቃ በ2002 ነበር ሰላም ያገኘችው። የዊጅ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል የቀረው ስሙ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጓንት አልነበረም፣ መርፌም እንደልብ አይገኝም። መጀመሪያ ላይ ከታመሙት ከአራቱ ሦስቱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ፤ ከሕፃናት ክፍል ነበር የሚወጡት። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ማገልገሉ በዋነኛነት ተጠረጠረ። በሽታው ማርበርግ መሆኑ የታወቀው በመጋቢት 2005 ነው፤ ያን ጊዜ ለወራት ሲዛመት ቆይቷል። ሲያክሙ ከሞቱት ነርሶችና ሐኪሞች መካከል አንዲት ጣሊያናዊት የሕፃናት ሐኪም ትገኝበታለች።

ከዚያ ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ከውጭ መጡ። ፊታቸው አይታይም፤ በሽተኛ ይወስዳሉ፣ የሚመልሱት ሬሳ ነው፤ ያውም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሳይታጠብ፣ ሳይለቀስበት። ሕዝቡ በሽታውን ያመጡት እነሱ ናቸው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መኪናዎች በድንጋይ ተደብድበው ሥራው ለጊዜው ቆመ። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” እንላለን፤ ዊጅ ላይ ግን መድኃኒት ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ታማሚን ለእነዚያ ነጭ ለባሾች መስጠት ምን ጥቅም ነበረው? ሰው በሽተኛውን የሚያወጣው ከሕክምናው ሰው ድኖ ሲወጣ ካየ ነው። እኛ ዘንድም ለቅሶና ግንዘት ከሃይማኖትና ከዕድር ጋር የተሳሰረ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ የዕድር ዳኛና ቄስ ወይም ሼህ ሳይያዝ የሚወጣ የቀብር ትእዛዝ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አሁን ሩዋንዳን እንይ። መስከረም 27 ቀን 2024 መንግሥት ማርበርግ መግባቱን ሲያስታውቅ ነገሩ የባሰ ይመስል ነበር፤ መነሻው የሌሊት ወፍ ባለበት ጉድጓድ የሚሠራ ወጣት ቆፋሪ ሆኖ፣ ቫይረሱ በዋና ከተማው በኪጋሊ ሆስፒታሎች ውስጥ ገብቷል። ከታመሙት ከአምስቱ አራቱ ያህል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶችና ሐኪሞች። የአንድ አገር የጽኑ ሕክምና እውቀት በጥቂት ሳምንት ሊያልቅ ይችል ነበር።

ያደረጉት ነገር ዘርዝሮ ሲታይ ተአምር የለበትም። ከታማሚ ጋር ንክኪ ያላቸውን ሰዎች በሙሉ መዝግበው በየቀኑ ትኩሳታቸውን ለኩ። ምርመራውን በራሳቸው ላብራቶሪ ሠርተው ውጤቱን ቶሎ ሰጡ። የታመመ ሰው ገና በትኩሳቱ ጊዜ ሕክምና ጀመረ፤ የጠፋው ፈሳሽ በደም ሥር ተተካ፣ ፖታሲየሙ ተለካ፣ ወባ ካለበትም አብሮ ታከመ። ሬምዴሲቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒትና ቫይረሱን የሚያስር ፀረ እንግዳ አካል በሙከራ ደረጃ ተሰጠ። መተንፈስ ያቃታቸው በማሽን ተረዱ፤ ሁለቱ ከማሽኑ ተላቀው በራሳቸው ተነፈሱ። በአፍሪካ ምድር የማርበርግ በሽተኛ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው እንደሆነ የሚታመን መሆኑን ኪጋሊ ድረስ የሄዱት የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ተናግረዋል።

ወረርሽኙ በታወቀ በዘጠነኛው ቀን ደግሞ የሙከራ ክትባት መስጠት ተጀመረ። ክትባቱን ያቀረበው ተቋም በአልበርት ሳቢን ስም የተሰየመ ነው፤ በአፍ የሚጨመረውን የፖሊዮ ክትባት በሠራው ሰው ስም። ማርበርግን መጀመሪያ ያወጣው የፖሊዮ ክትባት ፍለጋ እንደነበር አስታውሱ። ክትባቱ የማርበርግን ፕሮቲን ወደ ሰውነት የሚያስገባው በተዳከመ የቺምፓንዚ ጉንፋን መሰል ቫይረስ ጭኖ ነው። የዝንጀሮና የጦጣ ወገን ከዚህ ታሪክ ለመውጣት እምቢ ብሏል።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2024 ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። ከመቶ 23 የሚለውን ቁጥር ስናደንቅ ግን አንድ ነገር መርሳት የለብንም። የሩዋንዳ ታማሚዎች በአብዛኛው ወጣትና ጤነኛ የነበሩ፣ ሕመማቸውን ቶሎ የለዩ ባለሙያዎች ናቸው፤ የ1967ቱም ለሥራ የደረሱ ጎልማሶች ነበሩ። ከዊጅ ሕፃናት ጋር በቀጥታ ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም። መድኃኒቱ ምን ያህሉን እንዳዳነ፣ ፈሳሹ ምን ያህሉን እንዳዳነም ከአንድ ወረርሽኝ ለይቶ መናገር አይቻልም። ያም ሆኖ ሌላ ንጽጽር አለ። የሩዋንዳው ማብቂያ በታወጀ ማግስት፣ በጥር 2025፣ ድንበር ተሻግሮ በታንዛኒያ ካጌራ ማርበርግ ተገኘ። 10 ሰዎች ታመው 10ሩም ሞቱ። ከእነሱ 8ቱ ናሙና ሳይሰጡ አልፈው፣ በማርበርግ መሞታቸው የተገመተው በኋላ ነው። ያው አካባቢ፣ ጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ ዜሮና ከመቶ 77 የመትረፍ ዕድል።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ተራው የእኛ ሆነ። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ የታየው ትኩሳት ማርበርግ መሆኑ በላብራቶሪ ተረጋገጠ፤ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። በመጀመሪያው መግለጫ የተነገረው ዘጠኝ ሰዎች መያዛቸው ነበር። የቫይረሱ ዘር ሲነበብም ቀደም ሲል በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከታየው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። በሳምንቱ ኅዳር 12 ደረሰ፤ ከመቶ ዓመት በፊት በኅዳር በሽታ ያለቁት ሰዎች መታሰቢያ ሆኖ ደጃችንን ጠርገን ቆሻሻ የምናጤስበት ቀን። ብዙ ሰው በዚያ ዓመት ጭሱን ያስነሣው ከወትሮው ለየት ባለ ስሜት ይመስለኛል።

የኦሞ አካባቢ ግን ደም የሚያስፈስስ ቫይረስ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 ቢጫ ወባ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገብቶ 30 ሺሕ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ነው። ቢጫ ወባ ከማርበርግ ጋር ዝምድና የለውም፤ በትንኝ የሚተላለፍ የሌላ ቤተሰብ ቫይረስ ነው። ጉበት አቃጥሎ፣ ዓይን አቢጭቶ፣ ጥቁር ደም በማስታወክ መጨረሱ ግን ያመሳስለዋል። ያን ጊዜ በሽታውን ያዛመተችው ትንኝ የምትራባው በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት በሚጠራቀመው ውኃ ውስጥ ነበር፤ ሰው ከረኃብ የሚያድነውን ተክል በጓሮው ተክሎ ከትንኟ ጋር አብሮ ይኖራል። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ነገር ይጨመር፤ የቢጫ ወባ ክትባት በማክስ ታይለር የተሠራው በ1937 ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከሚሰጡት ክትባቶች ሁሉ አስተማማኝ ከሚባሉት አንዱ ነው። 30 ሺሕ ሰው ያለቀው ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት በተሠራ ክትባት መከላከል በሚቻል በሽታ ነው። ይህን ወረርሽኝ በትምህርት ቤት ታሪክ ያነበበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የቀሩትን የዚህ ወገን ቫይረሶች ቶሎ ላሳልፋቸው። በ1969 ናይጄሪያ ውስጥ የታወቀው ላሳ ከአይጥ ሽንት ይመጣል። የክራይሚያና ኮንጎ ትኩሳት በመዥገርና በከብት ደም ይተላለፋል፤ የሚያሰጋውም እረኛና ሥጋ ቆራጭ ነው። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በ1931 ከበጎች የተለየው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከብዙ ዝናብ በኋላ ከትንኝ ጋር ይነሣል። ዘራቸው ይለያያል፤ አንዳቸውም ሰውን ፈልገው የመጡ አይደሉም። ሰው በእንስሳ ኑሮ ውስጥ ሲያልፍ የሚያገኛቸው ናቸው።

ለማርበርግ እስካሁን ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለም፤ ፈቃድ ያገኘ መድኃኒትም የለም። ያሉት ለሙከራ የተቀመጡ ናቸው፤ ሙከራው ደግሞ የሚጠናቀቀው ሰው ሲታመም ብቻ ነው፤ ወረርሽኞቹም ሙከራው ሳያልቅ ይቆማሉ። ነጋዴ ይህን ክትባት አምርቶ እንደማያተርፍበት ያውቃል። ስለዚህ በእጅ ያለው መሣሪያ ያው የቀድሞው ነው፤ ጓንት፣ ንጹሕ መርፌ፣ ፈሳሽ፣ ላብራቶሪና ትኩሳት ሲያይ “ከዋሻ ወይም ከማዕድን ጉድጓድ መጥተሃል ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው።

አንድ ወረርሽኝ አለቀ የሚባለው የመጨረሻው በሽተኛ ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ወይም ከተቀበረ በኋላ 42 ቀን ሲቆጠር ነው። ቫይረሱ በሰውነት ሳይታይ የሚቆይበት ረጅሙ ጊዜ 21 ቀን ሲሆን፣ 42 የዚያ እጥፍ ነው። ከአዋጁ በኋላም ድነው ለወጡ ወንዶች ሥራው አያልቅም፤ የዘር ፈሳሻቸው ሁለት ጊዜ ተከታታይ ምርመራ አልፎ ነጻ እስኪባል ድረስ እየተመላለሱ ናሙና ይሰጣሉ፣ እስከዚያው ኮንዶም ይጠቀማሉ።